ፕሮግራሙን የተወው ይትባረክ

ሻምበል ውብአለም ካይሮ፣ ማር ጊርጊስ ጣቢያ ከባቡር ስትወርድ ኸማሲን የሚሉት የትናንቱ የበረሃ ነፋስ ቆሟል፤ ቢጫው አቧራ ግን ገና በየመስኮቱ ደፍ ላይ ተኝቷል። የጠራቻት ሮማን ናት። በስልክ ብዙ አላወራችም። ወንድሟ ይትባረክ ትናንት ማታ በኪራይ ቤቱ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ በሩን ከውስጥ እንደቀረቀረ ሞቶ ተገኝቷል። የፖሊስ ሐኪም የውኃ ማሞቂያው ጋዝ እንደገደለው ጽፎ ሄደ። ለግብፅ ፖሊስ ነገሩ እዚያው አበቃ፤ ለአበሻው ግን ገና መጀመሩ ነበር።

«ራሱን አጥፍቷል እያሉ ነው» አለቻት ሮማን። «ቄስ ጥሩነህ ፍትሐት አላደርግም ብለዋል። ቀብሩ ነገ ነው፣ ሻምበል። ወንድሜን እንደ ውሻ ልቀብረው ነው?»

ውብአለም በአዲስ አበባ ፖሊስ የወንጀል ምርመራ ክፍል ስትሠራ ኖራ፣ ካይሮ ከገባች ወዲህ ግን የምትመረምረው ነገር አጥታ እግሯ ማረፊያ ያጣ ሴት ነበረች። ያን ቀን የይትባረክን ቤት ደረጃ እንደ ልጅ ወጣችው።

በሩን የከፈተላት አብርሃም ነው፤ የሟቹ የቤት ደባል፣ 6ኛ ኦክቶበር በሚባለው ከተማ ባለ የስደተኞች መርጃ ቢሮ አስተርጓሚ። ሳይጠየቅ ወደ መታጠቢያ ክፍሉ መራትና ከጣሪያው ሥር ያለችውን ቀዳዳ አሳያት። ማሞቂያው የጭስ ቧንቧ የለውም፤ ክፉው አየር የሚወጣው በዚያች ቀዳዳ ብቻ ነው። ቀዳዳዋ በሰማያዊ አንሶላ ቁራጭ ተወትፋለች።

«ይህቺን እንዳትዘጉ እያለ የሚቆጣን እርሱ ነበር» አለ አብርሃም። «ለቄሱ የነገርኳቸውም ያየሁትን ነው። ፕሮግራሙን ትቻለሁ ብሎ አስታወቀ፤ በማግስቱ ይህ ሆነ። ሌላ ምን ልበል?»

ፕሮግራሙ የሚባለው በኮምፒውተር አማርኛ የሚጻፍበት ነው። ይትባረክ ሄሊዮፖሊስ የኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ እየሠራ፣ በትርፍ ሰዓቱ ለዓመታት ደክሞበት ለማንም በነፃ አድሎታል። ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ለእናቶቻቸው የሚጽፉት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ማስታወቂያ የሚያወጣው፣ አብርሃም የስደተኛውን ቃል የሚገለብጠው በዚሁ ነው። በዚያ በፈረንጆቹ 2003 ዓመት አዳዲስ ኮምፒውተሮች በየቦታው ሲገቡ ግን ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆነ። መጀመሪያ ልመና መጣ፤ ቀጥሎ ቁጣ፤ በመጨረሻ ስድብ። ማረሚያውን ይትባረክ ጀምሮታል፤ የጀመረው ሥራ ግን ያለው በመኝታ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነበር።

ውብአለም ቀዳዳዋን ትታ ቤቱን ዞረች። ያው ሰማያዊ አንሶላ በወጥ ቤቱ መስኮት ስንጥቅ፣ በሳሎኑ በር ሥር፣ በየመኝታ ቤቱ መዝጊያ ዳር ተወትፎ አገኘችው። ከዚያ ተመልሳ መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ በርከክ አለች። ከበሩ የውስጥ ፊት ታችኛው ክፍል፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣ አረንጓዴው ቀለም በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተፈነካክቷል። ቅርፊቱ ወለሉ ላይ ነው። አጠገቡ የቆርቆሮ መቅጃ ወድቋል፤ ከንፈሩ ተጣሟል፤ በተጣመመው ላይ አረንጓዴ ቀለም አለ።

«ትናንት ማን ማን ነበር?»

እርሱ ራሱና በፕሮግራሙ የሚጠቀሙት ታከለና ፍራኦል ከሰዓት በኋላ ተሰብስበው፣ ሥራውን እንዳይተው ይትባረክን እንደለመኑት አብርሃም ነገራት። ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ ዞረ። ይትባረክ ጠዋት ኮምፒውተሩን የአቧራ ልብስ አልብሶት ነበር፤ ቢለምኑትም አልገልጠውም አለ። ነፋሱ ሲበረታ፣ አብርሃምም ውጭ ጉዳይ ነበረውና፣ ሦስቱም አብረው ወረዱ፤ ባቡር ጣቢያው ጋ ተለያዩ። ይትባረክ ገላውን ሊታጠብ ሲነሳ አይተውታል። የውጭው በር በደንብ ካልተጎተተ አይዘጋም፤ ይህንንም ሦስቱም ያውቃሉ።

«አንተ ቁልፍ አለህ?»

«ቤቴ ነው እኮ። እርሱ ሥራ ሲውል እኔ ብዙ ቀን እዚሁ ነኝ።»

ውብአለም የይትባረክ መኝታ ቤት ገባች። አቧራው ወንበሩንም ጠረጴዛውንም አልብሷቸዋል፤ ኸማሲን ውታፍ አይመልሰውም። የኮምፒውተሩን ልብስ ቀስ ብላ ገለጠችው። ከሥሩ፣ በፊደል መምቻ ቁልፎቹ መካከል፣ ያው ቢጫ ዱቄት ነበር። መልሳ ሸፈነችውና ለጊዜው ምንም አላለችም።

ታከለን ያገኘችው እዚያው ሠፈር ባለው የኢንተርኔት ቤቱ ነው፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ቀልድ የሚወድ ሰው። ያን ቀን ግን አልቀለደም። ሴቶቹ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀናቸው መጥተው፣ ከእናታቸው የተላከው ደብዳቤ ሳጥን ብቻ ሆኖባቸው ሲያለቅሱ እንደሚያይ ነገራት። ይትባረክን አልሰደበውም፤ «ሰውን ወንዝ መሀል አድርሰህ ታንኳህን ይዘህ አትመለስ» ብሎ ግን ጽፎለታል። ከጣቢያው ቀጥታ ወደ ቤቱ እንደሄደ አስረዳት።

ፍራኦል ካይሮ የተወለደ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ በአማርኛው መሀል ዓረብኛ ጣል ያደርጋል። የይትባረክ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ዓይኑ አብጧል።

«እኔ ልቀጥልበት ብዬ ጠይቄው ነበር፣ እትዬ» አላት። «ያዕኒ፣ ማለቴ፣ እሺ ብሎኛል። እሑድ ቁጭ አድርጎ ሊያሳየኝ ነበር። ለማንም አትንገር፣ ከአሁኑ አንተን መውጫ መግቢያ ያሳጡሃል አለኝ። ሮማን ታውቃለች።»

«ትናንት ሲጨቃጨቁ ዝም አልክ?»

«ቃል ሰጥቼዋለሁ። ማሌሽ፣ ይቅር በይኝ፣ እሑድ ሁሉም ይታወቃል ብዬ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በይትባረክ ሳሎን ተሰበሰቡ። ቄስ ጥሩነህ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሮማን መቀመጥ አልቻለችም፤ ከመስኮት ወደ በር ትመላለሳለች።

ውብአለም ከአንሶላው ጀመረች። «ቀዳዳዋን የወተፈ ይትባረክ ራሱ ነው። ግን መስኮቱንም በሩንም ወትፏል። ጠዋት አቧራ ሲመጣ እንደ ማንኛውም የካይሮ ሰው ቤቱን ዘጋ። ማሞቂያውን ከመለኮሱ በፊት ያቺን አንዷን ሊነቅል ይገባው ነበር። በጭቅጭቅ የተቃጠለ ሰው ረሳት።»

«መርሳቱን በምን አወቅሽ፣ ልጄ?» አሉ ቄሱ።

«ሊሞት የፈለገ ሰው በር አይደበድብም፣ አባ። ይትባረክ በመቅጃ በሩን ደብድቧል። ምልክቱ ከጉልበት በታች ነው፤ ጋዙ እግሩን ነሥቶት ወድቋል። መቀርቀሪያው ጋ መድረስ አቅቶት ሰው ይጠራ ነበር።»

ሮማን እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቄሱ በሩን ሄደው አዩና ተመልሰው ተቀመጡ። አሮጌ በር መሆኑን፣ ምልክቱ የትናንት ለመሆኑ ምስክር እንደሚያሻ፣ ነገ መቃብር ላይ የሚናገሩት በእግዚአብሔር ፊት መሆኑን ተናገሩ። የሰማ ሰው አለ ወይ?

«አለ» አለች ውብአለም። «ይትባረክ ጠዋት ያለበሰውን ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ አልገልጥም ብሏል፤ ሦስታችሁም ሰምታችኋል። ከልብሱ ሥር ግን አቧራ አለ። ነፋሱ በበረታበት ሰዓት አንድ ሰው ተመልሶ ገለጠው፤ ሲጨርስ አለበሰው። የፈለገው የተጀመረውን ሥራ መገልበጥ ነው። የመታጠቢያው በር ከኮምፒውተሩ ወንበር አራት ክንድ አይርቅም።»

አብርሃም ተነሣ። «እኔን ነው የሚሉት?»

«ቁጭ በል። አንተ ቁልፍ አለህ፤ እርሱ ሥራ ሲውል ቤቱ ያንተ ነው። መስረቅ ብትፈልግ ባለቤቱ እስኪታጠብ አትጠብቅም። ፍራኦልም አይደለም፤ እሑድ በእጁ ለሚሰጠው ነገር አይሰርቅም። በዚያች ቅጽበት ካልሆነ ሌላ ጊዜ የሌለው፣ ቁልፍም ተስፋም ያልነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ታከለን ማንም አላየውም፤ ሁሉም ወለሉን ነበር የሚያዩት።

«ክስ አላቀርብም» አለች ውብአለም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ማስረጃዬ እፍኝ አቧራ ነው፤ ብትክድ አሸንፈኸኛል። ግን ይትባረክ ነገ በጸሎት መቀበሩ ባንተ አፍ ላይ ነው ያለው።»

ታች መንገድ ላይ የዳቦ ሻጭ ብስክሌት ቃጭል አለፈ።

«ሰማሁት» አለ ታከለ። «ኮምፒውተሩ ሥራውን ወደ ዲስኬት እየገለበጠ ነበር። መሀል ላይ ብነቅለው ይበላሻል። ሳሙና ወይ ፎጣ እንዲያቀብለው ሰው እየጠራ መሰለኝ። በድምፁ ቢጣራ ኖሮ… አልተጣራም፤ ቆርቆሮው ብቻ ነው። አሁን ይወጣና ያገኘኛል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ ጸጥ አለ። ተመስገን አልኩ፣ አባ። ጸጥ ሲል ተመስገን ብዬ ወጣሁ።»

ቄስ ጥሩነህ አማተቡ። «ፍትሐት ይደረግለታል» አሉ። ሮማን ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ወደ ወለሉ ወረደች፤ ከትናንት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች።

ታከለ ከኪሱ ዲስኬቶቹን አውጥቶ ወደ ሮማን ዘረጋ። አልተቀበለችውም።

«ለእኔ ምን ያደርጋል። ብትጠይቀኝ ኖሮ እሑድ ለፍራኦል ይሰጠዋል እልህ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፤ እንዴት ነው፣ ደህና ያድራል ወይ ያለኝም የለም። ወንድሜም ዝም ማለቱ ጥፋት ነው፤ ሰው ልተው ነው ሲል ለማን እንደተወ ይናገራል። ለፍራኦል ስጠው። አንተ ለእኛ ያልከውን ለፖሊስም ትደግመዋለህ።»

ታከለ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ውብአለም አብራው እንደምትሄድ ነገረችው።

ፍራኦል ዲስኬቶቹን ተቀበለ እንጂ ኪሱ አልከተታቸውም። እንደ ጋለ ነገር በመዳፉ ላይ ያያቸው ጀመር።

«እሠራዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ግን አንድ ቀን ሲከብደኝ፣ ኸላስ፣ አልቻልኩም ስል፣ ለማን ነው የምናገረው?»

ጥያቄው ለማን እንደሆነ አልታወቀም። ይትባረክን በጽሑፍ ከሰደቡት መካከል አንዱ አብርሃም መሆኑን ውብአለም ከራሱ አፍ ሰምታለች፤ ምናልባት ሮማንም ታውቃለች። አብርሃም ተነሥቶ ፍራኦል አጠገብ ተቀመጠ።

«ለእኔ» አለ።