እትዬ እናትነሽ ያልጨረሱት

«…እናቴ ያረፈች ጊዜ፣ እኔ ምንም ሳላውቅ…»

«አይዞን! አይዞን!» የጠያቂው የአባተ ድምፅ ዘሎ ገባ። «እንግዲህ የስደት ኑሮ ይኸው ነው፤ ሁላችንም ያየነው ነው። ነፍስ ይማር! አሁን ደግሞ ወደ ሥራዎ እንመለስና፣ እዚያ ማኪኒ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያንን መንከባከብ እንዴት ያለ በረከት ነው? በረከት ነው እንጂ! አይደለም እንዴ?»

«ልክ ነው» አሉ እትዬ እናትነሽ ቀስ ብለው።

የትምወርቅ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ኦ ማይ ጋድ፣ አባዬ!» አለች ለኮምፒውተሩ።

አባቷ አባተ ከሰኞ እስከ ዓርብ ኤርፖርት ሹፌር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ዳላስ አጠገብ አዲሰን ውስጥ ካለው የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ በሚተላለፈው የአማርኛ ፕሮግራም እንግዳ እየጋበዘ ይጠይቃል። ይጠይቃል ከተባለ። ጥያቄው ራሱ ንግግር ነው፤ ንግግሩ ሲያልቅ መልሱንም እሱው ይሰጥና «አይደለም እንዴ?» ይላል። እንግዳው ምን ምርጫ አለው? «ልክ ነው» ይላል።

ጣቢያው ቃለ ምልልሶቹን በፖድካስት ኢንተርኔት ላይ መጫን ከጀመረ ወዲህ ቆርጦ መቀጠሉ የወደቀው የትምወርቅ ላይ ነው። የፕሮግራሙ ኃላፊ ጋሽ ተሻገር አንድ ቀን ፕሪንተራቸው እምቢ ሲላቸው አስተካክላላቸው ነበር፤ በዚያው የጣቢያው ኢንጂነር ሆና ቀረች። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ መሆኗን፣ የቤት ሥራ የሚባል ነገር እንዳለባት ያስታወሰ የለም። ትምህርት ቤት ስሟን መጥራት አቅቷቸው «ዬቲ» ይሏታል። ጣቢያው ውስጥ ደግሞ «የእኛ ልጅ፣ ይቺን ነገር እስቲ እይልኝ» ነው ስሟ።

ለአባቷ ስለ አጠያየቁ ያልነገረችበት ጊዜ የለም። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«እንግዳ ጠርተሽ ብቻህን ብላ ትይዋለሽ እንዴ? ወሬም እንደዚያው ነው። ሰው ቃል ሲያጥረው ቁጭ ብሎ ማየት ነውር ነው።»

«አባዬ፣ ኢንተርቪው እኮ ነው!»

«እና? ኢንተርቪው ሲሆን ነውር ቀረ?»

ከዚህ ሰው ጋር እንዴት ይከራከራሉ? ለጓደኛዋ ለኢዩ ደወለች። የፖድካስቱን ሙዚቃ የምታዘጋጀው ኢዩ ናት።

«ሶ የእሱን ድምፅ ካት አድርጊዋ» አለች ኢዩ። «ማን ያውቃል?»

«ካት ሳደርገው እኮ ‹ምንም ሳላውቅ› ብለው ይቆማሉ። ምኑን ሳያውቁ? ሰዉ ያብዳል።»

«ኮል አድርጊያቸውና ጠይቂያቸዋ። ጂኦሜትሪውን ግን ጨርሰሻል?»

የትምወርቅ ስልኩን ዘጋችባት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትደውልላቸው፣ እትዬ እናትነሽ ስልኩን ያነሱት ሥራ ቦታ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነበር። ከኋላቸው ሳህን ይንኳኳል።

«እትዬ እናትነሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ስለ ኢንተርቪው ነው። አንድ ነገር ጀምረው ነበር፤ አልጨረሱትም። ማለቴ፣ አባዬ አላስጨረስዎትም። ልተወው ወይስ…»

«ልጄ፣» አሉ፣ «እኔ እኮ እዚያ ድረስ የመጣሁት እሷኑ ነገር ልናገር ነበር። አልጋ እንዴት እንደሚነጠፍማ ማን ይጠይቀኛል?»

ከዚያ ነገሯት። እናታቸው ደሴ ላይ ሲያርፉ፣ ዳላስ ያለ የአገራቸው ሰው ሁሉ ሰምቷል። እሳቸው ብቻ አልሰሙም። ለረዳት ነርስነት ፈተና እያጠኑ ነበርና «ፈተናዋን ትጨርስ፣ ከዚያ መርዶውን እናረዳታለን» ተባለ። ፈተናው ተራዘመ፤ መርዶውም አብሮ ተራዘመ።

«ቤተ ክርስቲያን አቅፈው ይስሙኛል። ‹እናትሽ ደኅና ናት?› የሚለኝም ነበር፣ እንዳልጠረጥር። እኔ የስልክ ካርድ እየገዛሁ እደውላለሁ። እህቴ አንድ ቀን ‹ተኝታለች›፣ አንድ ቀን ‹ጠበል ሄዳለች› ትለኛለች። ክረምት ሊገባ ነው፣ ብርድ አይሆንላትም ብዬ ሹራብ ገዛሁ። አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ሰጠሁት። ተቀበለኝ።»

«እያወቀ?» አለች የትምወርቅ። «እያወቀ ተቀበለዎት? ማነው ግን እንደዚህ የሚያደርግ?»

እትዬ እናትነሽ ከሳህኑ ድምፅ ራቅ አሉ።

«አባትሽ ነው ልጄ።»

የትምወርቅ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«አልተቀየምኩትም» አሉ እትዬ እናትነሽ። «ሁሉም ለእኔ ብለው ነው። ግን ነገ ደግሞ ሌላዋ ላይ እንዲህ ይደረጋል። ሳያደርጉት በፊት አንዴ ቢሰሙኝ ብዬ ነው። የማንንም ስም አልጠራም። ከፈቀድሽልኝ ደግመን እንቅዳው።»

ከፈቀድሽልኝ! የእናቷ እኩያ የሆኑ ሰው እሷን ፈቃድ ይጠይቃሉ። የትምወርቅ አፈረች፣ ተናደደችም። አባቷ ላይ እንደዚህ ተናዳ አታውቅም። ለካ ያን ቦታ ላይ ያቋረጣቸው ወሬ ስለሚያበዛ ብቻ አልነበረም።

በዚያው ቀን ከትምህርት ቤት ሊወስዳት ሲመጣ መኪናው ውስጥ ምንም አልተናገረችም። ፕሌኖ ደርሰው ቤታቸው በር ላይ ፓርክ ሲያደርግ ግን አልቻለችም።

«አባዬ፣ ሹራቡን ምን አደረግከው?»

የቱን ሹራብ ብሎ አልጠየቀም። ሞተሩን አጠፋ።

«ለእህቷ ሰጠኋት።»

«እያወቅክ ነው የተቀበልካቸው?»

«ምን ልበላት ታዲያ? ሻንጣዬ ተዘግቶ፣ እኔ ልወጣ ስል በር ላይ መጥታ ‹አደራህን እጇ ላይ› ስትለኝ… እኔ ብቻዬን ላርዳት? መርዶ እኮ አንድ ሰው ብድግ ብሎ የሚናገረው ነገር አይደለም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ኖሮ ነው። ደግሞ ፈተና ነበረባት።»

«ስንት ጊዜ ሙሉ፣ አባዬ!»

«ፈተናዋን አለፈች እኮ» አለ አባቷ፣ ነገሩ በዚያ የሚያልቅ ይመስል።

የትምወርቅ መጮኽ አማራት። እንዴት ነው ሰው እንዲህ ቸርም ግትርም የሚሆነው? የታመመ ሰው አለ ቢባል ከሥራ ወጥቶ፣ ሳይበላ፣ ፎርት ዎርዝ ድረስ ነድቶ የሚጠይቅ ሰው ነው። አሁን ግን መሪውን ይዞ እንደ ተማሪ አቀርቅሯል።

«ቅዳሜ እንደገና እንቀዳለን» አለች። «የምጠይቃቸው እኔ ነኝ። አንተ ከመስታወቱ ወዲያ ትቀመጣለህ።»

«አባትሽን ከማይክ ልታወርጂ?»

«አዎ።» ቦርሳዋን አቀፈች። «ማለቴ፣ ለዚህኛው ብቻ። ስም አልጠራም ብለዋል።»

«ስም ባትጠራ ማን መሆኑን የማያውቅ አለ? ጋሽ ተሻገር ራሱ ያውቅ ነበር። ሁላችንም ነበርንበት።»

«እሺ፣ እና?»

አባቷ የመኪናውን በር ከፈተ። ወርዶ ወደ ቤት ገባ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ስለዚህ ጉዳይ አንዲት ቃል አልወጣውም። የትምወርቅ ያን ያህል ዝም ብሎ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው፤ ደስ አላላትም።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን አስነስቶ ጠበቃት። ስቱዲዮ ሲደርሱም ሳትነግረው ከመስታወቱ ወዲያ ገብቶ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። ፊት ለፊቱ ተጭኖ ስቱዲዮ ውስጥ ላሉት የሚናገርበት ቁልፍ አለ።

እትዬ እናትነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ማይኩ ፊት ተቀመጡ። የትምወርቅ አጭር ጥያቄ ጠየቀች፤ አጭር ጥያቄ መጠየቅ ይህን ያህል እንደሚያስፈራ አላወቀችም ነበር። እሳቸውም ጀመሩ። ስለ ስልክ ካርዱ፣ ስለ እህታቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ስላቀፏቸው ሰዎች ተናገሩ።

«ከዚያ ሹራብ ገዛሁላት» አሉና ቆሙ።

ዓይናቸው ወደ መስታወቱ ሄዶ ተመለሰ። ዝምታው ረዘመ። የትምወርቅ ቀና ስትል የአባቷ ጣት ቁልፉ ላይ ነው፤ አፉም ተከፍቷል። ምን ሊል እንደሆነ ታውቃለች።

የሚያናድደው ደግሞ፣ ያው «አይዞዎት» እሷም ምላስዋ ላይ መድረሱ ነው። ቁጭ ብሎ ማየት አቃታት። ወረቀቷ ላይ የሚቀጥለው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ሥራዎን ይወዱታል? አንድ ጊዜ ብትጠይቃቸው ሁሉም ይገላገላል። እሳቸውም፣ አባቷም፣ እሷም። በዚህች ደቂቃ የለየላት የአባቷ ልጅ ናት።

ወረቀቱን ገለበጠችው። ወደ መስታወቱ አይታ ራስዋን ነቀነቀች፤ አይሆንም።

አባቷ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሳ።

የትምወርቅ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

«ሰማያዊ ነበር» አሉ እትዬ እናትነሽ። «ቁመናዋ የእኔው ስለሆነ፣ ልኩን ለማወቅ ራሴ ለብሼ ነው የገዛሁት።»