መጋረጃዬን እንዴት አወቀው?

ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። አብረን ከምንጽፈው ልብ ወለድ ክፍል አሥራ ስድስትን አንብቤ «ግሩም ነው፣ ልቀቀው» ብዬዋለሁ፤ እሱም በኢንተርኔት ለአንባቢዎቻችን ለቆታል። በማግስቱ ሰሃን ሳጥብ ድንገት ቀና ብዬ መስኮቱን አየሁና ደርቄ ቀረሁ።

«የወጥ ቤቷ ሰማያዊ መጋረጃ ጠርዙ ግማሹ በቀይ ክር የተሰፋ ነበር» ብሎ ጽፏል።

የኔ መጋረጃ! ሰማያዊው ክር አልቆብኝ በቀይ የጨረስኩት እኔው ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በሰው ልብስ እንዲህ አልቀልድም። ለሱ ግን ስለ መጋረጃው ነግሬው አላውቅም። ቤቴን አያውቀውም። እንኳን ቤቴን፣ መልኬንም አያውቀው!

ሰባት ወር ተራ በተራ ስንጽፍ የማውቀው ሰዓት ሠሪ መሆኑን፣ ብቻውን መኖሩንና በስልክ ሲስቅ ሳል እንደሚይዘው ነው። ሹፌሩን የፈጠረው እሱ፣ ነርሷን እኔ። እኔ በደብተር ጽፌ፣ ገጹን ፎቶ አንስቼ እልካለሁ፤ እሱ ተይቦ ይለቃል። ሕጋችን አንድ ነው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያፈርስም። ባሌ ከቤት እንደወጣ ከሞተ ወዲህ እንደሱ ያሳቀኝ ሰው የለም።

ታዲያ መስኮቴ ሥር ቆሞ ነበር ማለት ነው? ልጄን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተከትሏት ይሆን? ሱቄን በቀትር ዘግቼ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሦስት ሰዓት ቆሜ ጠበቅኳት።

ቀጣዩ ተራ የኔ ነበር። ሹፌሩን ከነመኪናው ገደል ከተትኩት። ላኩለት። አንዲት ቃል ሳይቀይር ለቀቀውና ደወለ።

«ሹፌሬ ምን አርጎሽ ነው?»

«እርስዎ ቤቴን እንዴት አወቁት?»

«ዛሬ ደግሞ እርስዎ ሆንኩ?»

«መጋረጃዬን... የት ቆመው ነው ያዩት?»

ስልኩን ዘጋው።

ሦስት ቀን ድምፁ ጠፋ። እየመጣ ነው ብዬ ደመደምኩ። ታላቅ እህቴ የመጥረጊያ እንጨት ይዛ እኔ ቤት ገባች።

«ይምጣና ያየኛል! እኔ ድሮም የሚጽፍ ወንድ አላምንም።»

በአራተኛው ቀን እኔው የላክኋቸውን ፎቶዎች መልሶ ላከልኝ። በሁሉም ላይ ከደብተሬ ጀርባ መስኮቱ፣ መጋረጃው፣ ቀዩ ክር...

«ብርሃን እንዲያገኝ ብለሽ መስኮቱ ላይ ደግፈሽ ነው የምታነሺው። በየተራሽ ሳየው ለመድኩት። ሳልጠይቅሽ መጻፌ ጥፋት ነው። ቶሎ ያልመለስኩት፣ የፈራ ሰው ላይ መደወል ይብሳል ብዬ ነው።»

ከሥሩ ክፍል አሥራ ስምንት ነበር። እንደሌላ ጸሐፊ ቢሆን ሹፌሩን ዛፍ ላይ አንጠልጥሎ ያተርፈው ነበር። እሱ ግን ቀበረው። ሕጋችንን ላለማፍረስ የገዛ ሰውዬውን ቀበረው! አንባቢው እኔን ሲረግም ዋለ፤ እኔ ደግሞ ስፌቴ ላይ አልቅሼ የሰው ቀሚስ አበላሸሁ።

በጠራራ ፀሐይ ቤተ መጻሕፍት ተገናኘን። እህቴ ዝናብ በሌለበት ጃንጥላ ጨብጣ ጎናችን ካለው ጠረጴዛ ተቀመጠች። እሱ ካሰብኩት አጠር ይላል።

«ይቅርታ...» አለኝ።

«እኔም ገደልኩህ እኮ።»

«የገደልሽው ሹፌሩን ነው።»

«የገፋሁት አንተን አስቤ ነው!»

ሳቀ። ሳሉ መጣ። እህቴ ከወዲያ ሆና «ይሄ ሳል ግን ሐኪም አይቶታል?» አለች።

«አይቶታል እትዬ። የአቧራ ነው።»

ስንነሳ እውነቱን ነገርኩት። «አሁንም እፈራለሁ።»

«እስክትተዪው እጠብቃለሁ።»

«ባልተወውስ?»

«እንግዲያው እየፈራሽ ታገቢኛለሽ!»

ዓመት ጠበቀኝ። እየፈራሁ አገባሁት።

የሠርጋችን ዕለት እንግዶቹ ሲሄዱ አንድ ሻንጣና የሰዓት መሣሪያዎቹን ሣጥን ይዞ ሳሎኑ መሃል ቆመ። ልጄ ቀና ብላ አየችው።

«እዚህ ነው የምታድረው?»

«እናትሽ ካላባረረችኝ።»

አሁንም እፈራለሁ። ቢታመምስ? ቢሰለቸንስ? እንደ አባቷ አንድ ቀን ወጥቶ ቢቀርስ? ይህን ሁሉ ፊቴ ላይ አነበበው መሰለኝ። ሻንጣውን አስቀመጠ፣ ወደ በሩ ሄደ፣ ከውስጥ ቆለፈው።