ራጅ የተነሱት ችግኞች

«ትንፋሽ ያዝ!» አለች የመርማሪ አክስት፣ ራጅ ማሽኑ ላይ ለተጋደመው የአፕል ችግኝ። ለታካሚ ሁሉ የምትለው ስለሆነ አፏ ለምዶባት ነው። ሁለቱም ሳቁ። የመርማሪ ሳቅ ግን ወዲያው ከፊቷ ጠፋ።

መርማሪ ትክክለኛ ስሟ አይደለም። «ይቺ ልጅ ካልጠየቀች እንቅልፍ አይወስዳትም» ብሎ ያወጣላት አባቷ ነው። አባቷ ችግኝ አፍልቶ አዳሪ ነው፤ ዘንድሮ ግን ክፉ ነገር ገጠመው። ችግኞቹ ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው ለምለም ናቸው፤ ከዚያ በሳምንት ውስጥ ቀጥ ብለው ይደርቃሉ። ጥንዚዛ ግንዳቸው ውስጥ እንቁላል እየጣለች፣ ትሉ ከውስጥ ቦርቡሮ ይጨርሳቸዋል። አባቷ የታመመውን ለመለየት አሥራ ሁለት ችግኝ ሰነጠቀ። አሥሩ ጤነኛ ሆነው ተገኙ። የተሰነጠቀ ችግኝ ደግሞ ተመልሶ አይተከልም። ያን ቀን ቢላዋውን ወርውሮ ሲያለቅስ አየችው። አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም ነበር።

ራጅ ትዝ ያላት ያኔ ነው። የሰው አጥንት ሳይከፈት የሚታይ ከሆነ ግንድ ለምን አይታይም? ክሊኒክ ውስጥ ራጅ አንሺ የሆነችው አክስቷ ሐኪሙን ስንት ቀን ለምና፣ በስንት መከራ የአንድ ቀን ምሳ ሰዓት አስፈቀደች። የቀሩትን ስልሳ ችግኞች ከነአፈራቸው ተሸክመው አስገቡና አምስት አምስቱን እያጋደሙ ማንሳት ጀመሩ።

ስክሪኑ ላይ ግራጫ ግንድ ታየ። መሃሉ ላይ ክር የመሰለ ጥቁር መንገድ አለ፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ነጣ ያለ ጥቅልል ነገር።

«ያውልሽ!» አለች አክስቷ። «ጌታው ተመቻችቶ ተኝቷል።»

አሥራ ዘጠኙ ውስጥ ትል አገኙ። አርባ አንዱ ንጹሕ ናቸው። መርማሪ አክስቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ሳመቻት።

«ቆይ፣ ቆይ፣ አትቸኩይ» አለች አክስቷ ከጨረር የሚከላከለውን ከባድ ሽርጥ እያወለቀች። «ማሽኑ የሚያሳየን ያደገውን ትል ነው። ሰሞኑን የተፈለፈለውንም፣ እንቁላሉንም አያሳይም። ንጹሕ ናቸው ለማለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግመን ማንሳት አለብን። ለአባትሽ ይሄንን ንገሪው፣ እሺ?»

«እሺ።»

አባቷ የቤታቸው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ቁጥሩን ስትነግረው «አርባ አንድ! አርባ አንድ ተረፈልኝ!» ብሎ እንደ ሕፃን ዘለለ። ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሱን አየችው።

«ሌላስ ምን አለች?»

«ምንም» አለች መርማሪ። ቃሉ ከአፏ ቀድሟት ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታቸው ጋሪ ይዛ መጣች። ችግኞቹን ከዓመት በፊት ልትገዛቸው ያዘዘችው እሷ ናት። «ጉድጓዱን ቆፍሬ ጨርሻለሁ» አለች። «ከእናቴ ዛፎች ጎን ለጎን ነው የምተክላቸው። እጄ እንዴት እንደተላጠ እዪልኝ እስቲ፣ ልጄ።»

መርማሪ የሴትዮዋን እጅ አየችው። ባር ባር አላት። የልብስ ሰፊዋን እናት ዛፎች ታውቃቸዋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ፍሬያቸውን ስትበላ ነው ያደገችው። ከአዲሶቹ አንዱ ትል ካለበት ወደ እነሱም ይዛመታል። ዝም ብትል ምናልባት አርባ አንዱም ደህና ይሆናሉ። ምናልባት። ብትናገር ግን ሦስት ሳምንት ሲጠበቅ የመትከያው ዝናብ ያልፋል፤ አባቷም ይከስራል። እሱ እያፏጨ ችግኞቹን ጋሪው ላይ ይጭናል። የመጨረሻዎቹ ላይ ደርሷል።

«አባዬ» አለች። «አክስቴ ሌላም ነገር ብላኝ ነበር።»

ሁሉንም ተናገረች። አባቷ ችግኝ እንደታቀፈ ቀረ።

«ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ?»

«አይታወቅም።»

«ትናንት ጠይቄሽ ነበር እኮ።»

«አዎ። ዋሸሁህ።»

የሚቆጣት መስሏት ነበር። እሱ ግን መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ዝናቡ እኮ ያልፋል» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ልብስ ሰፊዋ የተላጠ እጇን ከጋሪው ላይ አነሳች። ደግ አደረግሽ ያላት አንድም ሰው የለም።

መርማሪ ጋሪው ላይ ወጣች። አንድ ችግኝ አንስታ ወደ አባቷ ዘረጋችለት፤ አልተቀበላትም። ራሷ ይዛው ወረደች፤ ጥላው ስር አስቀመጠችውና ለሁለተኛው ተመልሳ ወጣች።