ልብስ ሰፊው እና የእናቱ ታብሌት

ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ወደ መለዋወጫ ሻጯ ሱቅ የገባ ዕለት የሚናገረው አልገባትም። የተፈታ ታብሌት በሁለት እጁ ታቅፎ፣ ብሎኖቹን እንደ መርፌ በከንፈሩ ይዞ ነበር። የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ስትሸጥ ብዙ ዓይነት ደንበኛ አይታለች፤ ብሎን ነክሶ የሚያወራ ግን ገጥሟት አያውቅም። ሳቋ አመለጣት። እሱም ሲስቅ ብሎኖቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ፤ ተንበርክከው አብረው ለቀሙ።

ታብሌቱ የእናቱ ነው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ አንደበታቸው ተይዞ፣ የሚፈልጉትን የሚናገሩት ስክሪኑ ላይ ፊደል እየነኩ ነበር። ወድቆ ሲሰበር ጥገና ቤቱ ወረፋ አበዛበት፤ ሱሪ የሚያጠብ ሰው ይሄ እንዴት ያቅተዋል ብሎ ቪዲዮ እያየ ራሱ ፈታታው።

አዲስ ስክሪን ሸጠችለት። ገጠመው፤ አልበራም። ባትሪውን ለካችለት፤ ደህና ነው። ስክሪኑን ቀየረችለት፤ አሁንም ጨለማ። በተመላለሰ ቁጥር ወሬያቸው ረዘመ። ሱቅ ስትዘጋ ይሸኛት ጀመር። ስለ እሷ ሲያወራላቸው እናቱ በዓይናቸው እንደሚስቁ ነገራት።

አንድ ከሰዓት ግን ችግሩን አገኘችው። ስክሪኑን ከቦርዱ የሚያገናኘው ስስ ሽቦ ቦታው ገብቷል፤ መቆለፊያው ብቻ አልተጫነም። በጥፍር ጫን ቢያደርጉት ያበቃ ነበር። ከተሠራማ ምን ብሎ ይመጣል? አለች በልቧ። ታብሌቱን ከድና መለሰችለት፤ የጎደለ ዕቃ አለ፣ ነገ ብቅ በል አለችው።

በነጋታው አልመጣም። ከቀናት በኋላ ታብሌቱን ይዞ ሲመጣ ፊቱ ከስሎ ነበር። እናቱ አርፈዋል። መጨረሻ ላይ በጣታቸው መዳፉ ላይ አንድ ነገር ሊጽፉ ታግለው፣ ምን ሊሉት እንደፈለጉ ሳይገባው አመለጡት።

«ከእንግዲህ ለማንም አይጠቅምም» አላት። «ግን ሲበራ ልየው።»

እምቢ ማለት አልቻለችም። መቆለፊያውን ተጫነችው። ስክሪኑ በራ።

እሱ ግን ያየው እሷን ነበር።

«ምንም ዕቃ አልጨመርሽበትም።»

«አልጨመርኩም።»

«ታውቂ ነበር?»

አሁን ገና ታየኝ ብትለው ያምናት ነበር። አንገቷን ደፋች።

«ያን ለታ አይቼዋለሁ... እንዳትቀርብኝ ብዬ ነው።»

ታብሌቱን ከእጇ ወሰደ።

«ቢሠራም እኮ እመጣ ነበር» አላት ቀስ ብሎ። «ላገባሽ ነበር ሐሳቤ። እናቴም ታውቅ ነበር።»

ይቅር በለኝ አለችው። እያለቀሰች ደጋግማ አለችው።

«ክፉ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። ግን አንቺን ሳይ የእሷ ጣት ነው የሚታየኝ» ብሎ ወጣ።

ተመልሶ አልመጣም። ብዙ ጠብቃ፣ ሐዘኑ በረድ ብሎለት ይሆናል ብላ ወደ ልብስ ስፌት ቤቱ ሄደች። ሲያያት ከስፌት መኪናው ተነሣ፤ ወንበር ሳበላት፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ አስተካከለ። አልተቆጣም፣ ፊቱንም አላዞረባትም።

«ምን ልስፋልዎት?» አላት።

አንቺ ሲላት የኖረ ሰው አንቱ አላት። ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ፣ «ምንም» ብላ ወጣች።