የጳጉሜን ስድስት ልደት

የጠፈር መንኮራኩሯ ዕለት ነጋሪ ጠዋት ጠዋት በዚያ ቀን እነማን እንደተወለዱና ምን እንደተፈጸመ ይናገራል። ሕዝቡ የሚተነፍሰውን አየርና የሚሞቀውን ክፍል የሚቆጣጠረውም ይኸው ማሽን ነው። ሕዝቡ ፊቱን እየታጠበ ይሰማዋል። ጳጉሜን ስድስት ላይ ግን "ዛሬ የተወለደ የለም፤ መልካም ቀን" ብሎ ዝም ይላል።

ይህ ማንንም አይገርምም። በአራት ዓመት አንዴ የሚመጣ ልደት ለማን ይመቻል? በዚህ ቀን የወለደች እናት ሁሉ ወደ ማሽኑ ኃላፊ ወደ አስካለ ብቅ ትልና "እባክሽ ወደ መስከረም አንድ አድርጊልኝ" ትላለች። አስካለም ሆዷ አይችልም፤ ታደርግላታለች። ደግነት ይመስላት ነበር።

ዛሬ የራሷ ልጅ ሶስና ያለ ወሯ ሴት ልጅ ወለደች።

"እማዬ፣ መቼም ለእኔ አትከለክይኝም" አለቻት።

"እንዴት ተደርጎ! እንቁጣጣሽን ይዛ የመጣች ናት እንጂ" አለች አስካለ፤ እየሳቀች ቀኑን ቀየረችው።

አስካለ ሻይዋን ሳትጨርስ ሶስና ጮኸች። ያለ ወራቸው የተወለዱ ጨቅላዎች የሚተኙበት ሙቅ አልጋ ቀዝቅዟል፤ የሕፃኗ ከንፈር ጠቁሯል። አስካለ ልጅቷን አንስታ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠቻት።

"አልጋውን ለምን አጠፋኸው?"

"አልጋው ላይ ሰው የለም" አለ ዕለት ነጋሪ በጨዋ ድምፁ። "ልጅቷ የምትወለደው ነገ ነው።"

አስካለ ቀኑን መለሰችው። አልጋው ሞቀ፤ ቆይቶም ሕፃኗ አለቀሰች። ሶስናም አብራ አለቀሰች።

"ታርሟል" አለ ማሽኑ። "ጳጉሜን ስድስት፤ ልደት አንድ፣ ሞት አንድ።"

"የምን ሞት?"

"የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ የትርንጎ ልጅ። ከመወለዱ በፊት ስለሞተ ስህተት መስሎኝ ተናግሬው አላውቅም። የዛሬዋ ስትታረም ግን ገባኝ።"

የዚያንም ልጅ ቀን የቀየረችው አስካለ ነበረች። እሱም ያለ ወሩ የተወለደ ነበር። እናቱ ትርንጎ "እንቅልፍ ጥሎኝ፣ ሳልሸፍነው" እያለች ደረቷን ስትመታ፣ እንባዋን እየጠረገች "የእግዜር ሥራ ነው" ያለቻትም እሷው ናት።

በሩ ተንኳኳ። ትርንጎ ትንሽ ጋቢ አጥፋ ይዛ ገባች።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ ሶስናዬ!" አለች። ጋቢውን ለአስካለ ሰጠቻትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ለእሱ ያዘጋጀሁት ነበር። ደርቡላት። አደራ አስካልዬ፣ እንቅልፍ እንዳይጥላችሁ። እኔን አይተሽ የለ።"

ዝም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም። አስካለ ጋቢውን ጨብጣ ቆመች። የሚያሳፍራት ጥፋቱ ብቻ አልነበረም፤ ዝም ለማለት መፈለጓም አሳፈራት።

"ትርንጎ፣ ያንቺ እንቅልፍ አይደለም የገደለው። ቀኑን ስቀይረው አልጋው ጠፋ። እኔ ነኝ።"

ትርንጎ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችምም።

"ስሙ አብነት ነበር" አለች። "ለማሽንሽ ንገሪው። በዛሬው ቀን ነው የተወለደው።"

አስካለ ነገረችው። ዕለት ነጋሪም ለመንኮራኩሯ ሁሉ "ጳጉሜን ስድስት፤ ልደት ሁለት" አለ። ትርንጎ እስከ መጨረሻው ሰማችና ወጣች። ጋቢውን አልወሰደችም፤ አስካለንም ቀና ብላ አላየቻትም።