ብቻቸውን የማያነቡት ሰው

በጎንደር ከተማ፣ የእህል ድልድል የሚሠራበት ኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ አቶ ወልደ ገብርኤል፣ ረፋዱ ላይ ቢሯቸው ውስጥ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ማጅራታቸውን የመታው የበር መቀርቀሪያ እግራቸው ሥር ወድቋል። ዘበኛው ከሦስቱ የፕሮግራም ሠራተኞች፣ ከአምሳል፣ ከምናለና ከማሩ በቀር ማንም አልገባም ብሎ፣ ሦስቱን እዚያው ቆለፈባቸው።

መርማሪው መቶ አለቃ የሻው ሲደርስ የመሥሪያ ቤቱ የፖለቲካ ካድሬ በሩ ላይ ጠበቀው። ገዳዩ እስከ ቀትር ካልተለየ ሦስቱም በኢኮኖሚ አሻጥር ተከሰው ይወሰዳሉ አለው። ከሄዱ ወዲያ ማን ይመለሳል? አምሳል ጡት ያልጣለ ልጅ ቤቷ ትታለች። ቀሚሷ ደረቷ ላይ ርሶ በነጠላዋ ትሸፍነዋለች።

ጠዋት ሦስቱም በየተራ ወደ ሟቹ ገብተው ወጥተዋል። የሻው ግን የጠየቃቸው ሟቹ ስላመጡት አዲስ አሠራር ነበር፤ ማንኛውም ፕሮግራም ሌላ ሰው ሳያነበው ማሽን ላይ አይጫንም። አምሳል ሲያመጡት ስላማከሯት ወዳዋለች። ምናለ በየስብሰባው እየተነሣ አድንቆታል። ማሩ ግን አኩርፏል።

«ጽሑፌን ሰው ሲበረብረው ያመኛል» አለ ማሩ።

«ታዲያ ምነው ሠራህበት?»

«እንቅልፍ ሰጠኛ። ብንሳሳትም ሁለት ሆነን ነው፤ ብቻዬን አሻጥረኛ አልባልም።»

ምናለ መርማሪውን ገለል አድርጎ፣ እሱ ሲወጣ ጋሼ ወልደ ገብርኤል ብቻቸውን የማሩን ፕሮግራም በንዴት እያነበቡ እንደነበር አንሾካሾከ። ሹክሹክታውን የሰማው ካድሬ ማሩን አፍጥጦ አየው።

የሻው ወደ ቢሮው ገባ። ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን ተጠጋግተዋል። ከሟቹ ክንድ ሥር እርሳስ አለ፤ የሚነበብ ወረቀት ግን የለም። ሦስቱንም አስጠራ።

«አምሳል፣ ብቻቸውን ያነቡ ነበር?»

«በጭራሽ። የጻፈው ሰው ጎናቸው ካልተቀመጠ አይነኩትም። በሌለበት ስሕተቱን መፈለግ ሐሜት ነው ይሉ ነበር።»

ማሩም እየጎተቱ ያስቀምጡት እንደነበር መሰከረ።

«የሚያኮርፈው እንኳ ያውቃል» አለ የሻው ወደ ምናለ ዞሮ። «አንተ ግን በአፍህ ደገፍከው እንጂ አልሠራህበትም። ወንበሮቹ ሁለት ናቸው፤ ብቻቸውን ያነቡ ነበር ያልከው ውሸት ነው። ዛሬ ጎናቸው ሲያስቀምጡህ የጠረጠሩህ መሰለህ። ወረቀቱ የማሩ ቢሆን አንተ ባልደበቅከው፤ ልታሳየን ትቸኩል ነበር። ከተቆለፈባችሁ ወዲህ የወጣ የለም። ሸሚዝህን ፍታ።»

ወረቀቱ ሆዱ ላይ ተጣጥፎ ተገኘ።

«የሳንጃ ወረዳን የእህል ድልድል ዘልዬው ኖሯል» አለ ምናለ። «አገኙትና ዝም ብለው ስልክ አነሡ። ሊያስይዙኝ ነው ብዬ...»

«ድልድሉን ሊያስቆሙ ነበር» አለች አምሳል እያለቀሰች። «ስሕተቱን በራሳቸው ስም ነው የሚናገሩት። የእኔንም እንዲያ አደረጉት።»

ካድሬው ቀና አለ። «ያንቺ ስሕተት ምን ነበር?»

አምሳል ነጠላዋን ወደ ደረቷ ሳበች።

«በሟቹ ስም የተነገረ የሟቹ ነው፤ ጓድ» አለ የሻውና በሩን ራሱ ከፈተላት። «ሂጂ፣ ልጅሽን አጥቢ።»

ወጣች። መልሰው እንዳይጠሯት ብላ ለመሮጥ እንኳ ፈራች።