ወደ ውስጥ የታጠፈው ጭራ

«እማ፣ አለቀ!» አለች ሚጢ፣ የመጨረሻዋን ወርቃማ ዶቃ ሽቦው ጫፍ ላይ እየሰካች።

ከሰዓት በኋላ ነው። የእናቷ ቢሮ ሞቅ ብሏል፤ ኮምፒውተሩ ላይ እናቷ ለዓመታት ያጠናችው የአንድ ፕሮቲን ምስል በዝግታ ይሽከረከራል። ሚጢ ከልጅነቷ ጀምሮ እሱን እያየች መፍዘዝ ልማዷ ነው። አንዳንዴማ ውስጡ ገብታ፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ እየተንሳፈፈች፣ ጠመዝማዛ ኮሪደሮቹን የምትዞር ይመስላታል። አሁን ያንኑ በሽቦና በዶቃ ሠርታዋለች። ነገ በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ዐውደ ርዕይ መግቢያው ላይ ይቀመጣል። ውበቱ ሁሉ ወደ ውጭ በተዘረጋው ወርቃማ ጭራው ላይ ነው፤ ክፍሉ በሙሉ ስለሱ ሲያወራ ሰንብቷል።

የእናቷ ስልክ ጮኸ። የደወለችው ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትሠራ ተማሪዋ ናት። እናት አዳመጠች፤ «እርግጠኛ ነሽ?» አለች፤ ቀስ ብላ ስልኩን ዘጋች።

«ምነው?»

«የፕሮቲኑ ጭራ ወደ ውስጥ ነው የሚታጠፈው። በኤክስሬይ አንስተው አይተውታል። የኔ ስሌት ተሳስቷል።»

ሚጢ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ለዚያ ቅርጽ እናቷ ዕድሜዋን ሰጥታዋለች። ወጣት የባዮኬሚስትሪ መምህር ሳለች፣ ብልቃጦቿን ትታ የፕሮቲንን ቅርጽ በኮምፒውተር ቀምሬ አገኛለሁ ስትል፣ ባልደረቦቿ «እጇን ሳታረጥብ ልብስ የምታጥብ» እያሉ ቀልደውባታል። አፋቸውን ያስያዛቸው፣ እሷንም ፕሮፌሰር ያስባላት ይሄ ቅርጽ ነው።

«ነገ ከባልደረቦችሽ ጋር ስብሰባ አለሽ አይደል? ምን ልትያቸው ነው?»

«ተሳስቻለሁ ነዋ።»

«ይስቁብሻላ!»

«ይሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ፣ ለምን ወደ ውስጥ ታጠፈ ብለው ይጠይቁኛል። እኔም እሱን ለማወቅ ጓጉቻለሁ።» ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ሚጢ ሥራዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «የኔ መሳሳቱን ግን… ማንም አያውቅም እኮ። ደሞ ጭራው ከገባ ምኑ ይታያል? ሙድ ነው የሚይዙብኝ።»

«ያንቺ ሥራ ነው የኔ ልጅ። አልነካብሽም።»

እናት ወደ ኮምፒውተሩ ዞራ ቁልፎቹን ነካካች። ጭራው በዝግታ፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ሕፃን እጅ፣ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ። ሚጢ ፈዛ ቀረች። ሁልጊዜ በሐሳቧ የምትዞርበት ኮሪደር ጫፍ ላይ፣ እስከ ዛሬ ገላጣ የነበረው ቦታ ተዘግቶ ትንሽ ክፍል ሆነ። እዚያ ውስጥ ምን ይቀመጥ ይሆን?

የሽቦ ሥራዋን አየችው። ጭራው አሁንም ያምራል፤ አሳዘናት።

ፒንሳውን አንስታ ጭራውን ከሥሩ ያዘችው። አንድ ዶቃ ተፈናጥሮ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሲታጠፍ ወርቁ ከዓይን ጠፋ፤ ጎንበስ ብሎ ላላየ ሰው መኖሩም አይታወቅም።

ሽቦው ግን እንቢ ብሎ፣ ተመልሶ ሊዘረጋ ታገላት።

«እማ፣ እዚህ ጋ ያዢልኝ» አለች።

እናቷ ወንበሯን ስባ መጣችና ያዘችላት።